ጨዋታና ሐዘን፦ የአንድ ነጻ ፊልም ሠሪ የሥራ ሕይወትና ያስነሣው ክርክር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የወጣ)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ የተፈጸመው በሩቅ አገር ነው፤ ጥያቄው ግን ካሜራ ለሚያነሣ፣ ብዕር ለሚጨብጥና ኮምፒዩተር ፊት ለሚቀመጥ የዚህ ፋኩልቲ ተማሪ ሁሉ ቅርብ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው ይህ ነው፤ በሰው ሞት ላይ ጨዋታ ሊሠራ ይገባልን?

ጥያቄው በአማርኛ ሲነገር ገና ከመነሻው ይከብዳል። ቋንቋችን «ጨዋታ» የሚለውን ቃል በሁለት ወገን ይጠቀምበታል። በአንድ ወገን ድብብቆሽ፣ ገበጣ፣ ገናና ኳስ ሁሉ ጨዋታ ናቸው። በሌላው ወገን ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሚያወጉት ቁም ነገርም ጨዋታ ይባላል፤ ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል እንላለን። ሐዘን ወደደረሰበት ቤት የምትሄድ ጎረቤት «ትንሽ ላጫውታት ብዬ ነው» ትላለች። በከተሞቻችን በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ ማደርም እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ጨዋታ ከሐዘን ቤት ጨርሶ አልተባረረም፤ የሚገባበት ሥርዓት ግን አለው። ማን፣ መቼ፣ ስለ ማን ብሎ እንደሚጫወት የታወቀ ነው። ይህን ሐሳብ ያዙልኝ፤ በመጨረሻ እመለስበታለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም አስቀድሜ ላሳውቅ።

ድርጊቱና ወጣቱ

ኤፕሪል 20 ቀን 1999 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ከተማ አጠገብ በሚገኘው የኮለምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች መሣሪያ ታጥቀው ገቡ። በዚያ ቀን 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገደሉ፤ ከ20 በላይ ሰዎች ቆሰሉ፤ ገዳዮቹም በዚያው ራሳቸውን አጠፉ። አገሪቱ መንሥኤ ስትፈልግ ጣቷን ከቀሰረችባቸው ነገሮች አንዱ የቪዲዮ ጌም ነበር፤ ሁለቱ ወጣቶች «ዱም» የተባለውን የተኩስ ጌም አዘውትረው ይጫወቱ ነበርና። የተገደለው መምህር ቤተሰብና ሌሎች ተጎጂዎች በጌም አምራቾች ላይ ክስ መሥርተው ነበር፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2002 ክሱን ውድቅ አደረገው።

በዚያን ጊዜ በዚያው ግዛት ደቡባዊ ክፍል፣ አላሞሳ በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ ዳኒ ሌዶን የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ሌዶን ኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው በትምህርት ቤቱ የሚገፋ፣ የሚሳለቁበት፣ ብቸኛ ልጅ ነበር። የኮለምባይንን ዜና ሲሰማ ያስደነገጠው የገዳዮቹ ባዕድነት አልነበረም። በእነርሱ ቁጣ ውስጥ የራሱን መልክ አየ፤ እርሱም በዚያው መንገድ ላይ እየተጓዘ እንደነበረ ተገነዘበ። ከዚያ መንገድ ዘወር እንዲል ከረዱት ነገሮች አንዱ የፊልም ጥበብ ነበር። ሌዶን ፊልም አጠና፤ ከትላልቅ ስቱዲዮዎች ገንዘብ ሳይጠብቅ በራሱ አቅም የሚሠራ ነጻ ፊልም ሠሪም ሆነ።

ስሙ የታወቀው ግን በፊልም አይደለም። ኤፕሪል 20 ቀን 2005፣ ድርጊቱ በተፈጸመ በስድስተኛው ዓመት፣ «ሱፐር ኮለምባይን ማሳከር አር.ፒ.ጂ.!» የሚል ርእስ ያለው የኮምፒዩተር ጌም በኢንተርኔት ላይ ወጣ። ርእሱ በአማርኛ ቢመለስ «ታላቁ የኮለምባይን ጭፍጨፋ» እንደማለት ነው፤ መጨረሻው ላይ ያሉት ሦስት ፊደላት ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ተላብሶ የሚጫወተውን የጌም ዓይነት ያመለክታሉ። ጌሙ በነጻ የሚወርድ ነበር። ሠሪው ስሙን አልገለጸም።

ጌሙ ምን ይመስላል?

ሌዶን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጽፎ አያውቅም ነበር። የተጠቀመበት «አርፒጂ ሜከር» የተባለ፣ ጀማሪዎች የራሳቸውን ጌም እንዲሠሩበት የተዘጋጀ ሶፍትዌር ነው። በዚህም ምክንያት ሥዕሉ የ1990ዎቹን መጀመሪያ የልጆች ጌም ይመስላል፤ ትንንሽ፣ ሻካራ፣ አሻንጉሊት መሰል ምስሎች በትምህርት ቤት ኮሪደር ውስጥ ይመላለሳሉ። ተጫዋቹ የሚመራው ሁለቱን ገዳዮች ነው። ግድያው የሚፈጸመው ከዝርዝር ውስጥ ትእዛዝ በመምረጥ ነው። በዚህ የልጆች መልክ መካከል ግን ገዳዮቹ የጻፉትና የተናገሩት ቃል፣ የዕለቱ እውነተኛ ፎቶግራፎችም ይገባሉ። ሠሪው እንደ ዘጋቢ ፊልም ባለሙያ መረጃ ሰብስቦ እንደሠራ ያስታውቃል።

ከዚያ ታሪኩ ወደማይቀረው ይደርሳል፤ ሁለቱ ራሳቸውን ያጠፋሉ። እዚህ ላይ ጨዋታው ቆሞ ፎቶግራፎች በተከታታይ ይታያሉ፤ የሞቱት ገዳዮች፣ የሚያለቅሱ ተማሪዎች፣ የገዳዮቹ የልጅነት ምስሎች። ሁለተኛው ክፍል የሚጀምረው በሲኦል ነው። ሲኦሉ የተሞላው ወጣቶቹ በሕይወት ሳሉ ይጫወቱት በነበረው በ«ዱም» ጭራቆች ነው። የተመኙት ዓለም ማለቂያ የሌለው ውጊያ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

ይህን የምዘረዝረው በምክንያት ነው። በዚህ ጌም ላይ ከተፈረደው ፍርድ ብዙው ጌሙን ተጫውቶ ካላየ ሰው የመጣ ነበር። በመግለጫ ብቻ ስንሰማው «የገዳዮችን ሚና እየያዙ የሚጫወቱት ጌም» ይባላል፤ መስማቱ ብቻ ይበቃል የሚያሰኝ ነው። ሥራው ግን ጅምር፣ መሸጋገሪያና ፍጻሜ አለው፤ ፍጻሜው ለገዳዮቹ ድል አይሰጣቸውም።

ስሙ ሲገለጥ

ጌሙ ለአንድ ዓመት ያህል በጥቂቶች ዘንድ ብቻ ታውቆ ከቆየ በኋላ በ2006 ወደ ታላላቆቹ ጋዜጦች ደረሰ። የሠሪውን ማንነት ፈልጎ ያጋለጠው ከሟቾቹ የአንዷ ወዳጅ የነበረ ሰው ነው። ሌዶን ከዚያ በኋላ ከመሸሸግ ይልቅ በይፋ ወጥቶ መናገርን መረጠ። የልጆቻቸውን ሞት በጌም መልክ ያዩ ወላጆች ተቆጡ፤ ቁጣቸውን ለመረዳት ፍልስፍና አያስፈልግም። በሌላ በኩል በዕለቱ በጥይት ተመትቶ ሽባ ሆኖ የቀረ አንድ ተማሪ ጌሙን ተጫውቶ፣ ቢከብደውም እንዲህ ያለ ነገር መሠራቱን በተወሰነ መጠን እንደሚያደንቅ በይፋ ተናገረ። የቪዲዮ ጌምን የሚያጠናው ኢያን ቦጎስትም ጥረቱ በቁም ነገር ሊታይ እንደሚገባ ጻፈ።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 13 በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ በዶሰን ኮሌጅ አንድ ታጣቂ ተኩስ ከፈተ፤ አንዲት ተማሪ ተገደለች፣ ብዙዎች ቆሰሉ። ገዳዩ በኢንተርኔት ገጹ ላይ ከሚወዳቸው ጌሞች መካከል ይህን ጠቅሶ ተገኘ። ለጌሙ ተቃዋሚዎች ይህ በቂ ማስረጃ ነበር። አንድ ነፍሰ ገዳይ አንድን ሥራ መውደዱ ሥራው ነፍሰ ገዳይ አድርጎታል ማለት አይደለም፤ ይህን በክፍል ውስጥ በቀላሉ መናገር ይቻላል። በሞንትሪያል በሐዘን ላይ ላለ ቤተሰብ ግን ማን ሊናገረው ይችላል? ሌዶን ከዚያ ቀን በኋላ የተናገረው ሁሉ በዚህ ጥላ ሥር የተነገረ ነው።

የስላምዳንስ ጉዳይ

ክርክሩ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በፊልም ሰዎች ቤት ነው። ስላምዳንስ እስከ 2024 በዩታ ግዛት በፓርክ ሲቲ ይካሄድ የነበረ የፊልም በዓል ነው። የተመሠረተው በ1995፣ ታዋቂው የሰንዳንስ በዓል ሥራቸውን ባልተቀበላቸው ፊልም ሠሪዎች ነው፤ እንግዲህ ልደቱ ራሱ የተገፉት ሰዎች ታሪክ ነው። በዓሉ ለነጻ ጌም ሠሪዎችም ውድድር ነበረው። ለጃንዋሪ 2007 ውድድር ለመጨረሻ ዙር ካለፉት 14 ጌሞች አንዱ የሌዶን ሥራ ሆነ።

ነገር ግን በዓሉ ከመከፈቱ በፊት ፕሬዚዳንቱ ፒተር ባክስተር ጌሙን ከውድድሩ አስወጡት። የሞራል ኃላፊነትና ሊከተል የሚችል የሕግ ክስ በምክንያትነት ተነሡ። የሆነውም ማንም ያልጠበቀው ነው፤ ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ግማሽ ያህሉ ሥራቸውን በተቃውሞ ለማውጣት ወሰኑ። የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም ለውድድሩ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አነሣ። ከወጡት መካከል ኋላ ዓለም አቀፍ አድናቆት ያገኙት «ብሬይድ» እና «ፍሎው» የተባሉት ጌሞች ይገኛሉ።

የ«ብሬይድ» ሠሪ ጆናታን ብሎው የያዘው አቋም በተለይ ሊታወስ ይገባዋል። ብሎው ጌሙን አልወደደውም፤ ርኅራኄ ይጎድለዋል አለ። ይሁንና ዋጋ ያለው ሥራ ነው፣ በዳኞች ተመርጦ ሳለ በዚህ መንገድ ሊወጣ አይገባውም ብሎ የራሱን ጌም አወጣ። ወጣት ሠሪ ሽልማት የሚያገኝበትን ዕድል ለማይወደው ሥራ ሲል አሳለፈ ማለት ነው። የአንድን ሥራ መብት መጠበቅና ሥራውን ማመስገን ሁለት የተለያዩ ተግባራት መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ፊልም ሲሆንስ?

አሁን ሁለት ፊልሞችን ላስታውሳችሁ። በ2002 ማይክል ሙር «ቦውሊንግ ፎር ኮለምባይን» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ሠራ፤ በዓመቱ የኦስካር ሽልማት አገኘበት። በ2003 ገስ ቫን ሳንት «ኤለፈንት» ማለትም «ዝሆን» በተሰኘው ፊልሙ በኮለምባይን አምሳል የተቀረጸ የትምህርት ቤት ግድያ አሳየ፤ በካን በዓል ታላቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ተቀዳጀ። «ዝሆን» እንደ ሌዶን ጌም ሁሉ ገዳዮቹን እስከ መጨረሻው ይከተላል፤ ግልጽ የሆነ ምክንያትም አይሰጥም። ስለ አንድ ዓይነት ድርጊት የተሠሩ ሥራዎች አንዱ በካን መድረክ ሲሸለም፣ ሌላው ከትንሽ በዓል የተባረረው ስለ ምንድን ነው?

አንደኛው መልስ የታሪክ ነው። ፊልምም ዛሬ ያለውን ክብር ያገኘው በቀላሉ አይደለም። በ1915 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲኒማ እንደ ማንኛውም ትርኢት ንግድ ነውና በሕገ መንግሥቱ የመናገር ነጻነት አይጠበቅም ብሎ ወስኖ ነበር። ይህ የተለወጠው ከ37 ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ የጣሊያናዊው የሮቤርቶ ሮሴሊኒ አጭር ፊልም ቅዱስ ነገርን ደፍሯል ተብሎ በኒው ዮርክ በታገደበት ጉዳይ ነው። የቪዲዮ ጌም ተራው የደረሰው በ2011 ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት ጥቃት የበዛባቸውን ጌሞች ለአካለ መጠን ላልደረሱ መሸጥን የሚከለክል ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ7 ለ 2 ድምፅ ሕጉን ሻረ። ጌምም ከእርሱ በፊት እንደነበሩት መጽሐፍ፣ ተውኔትና ፊልም ሐሳብን የሚያስተላልፍ ነው ሲል ወሰነ። የሌዶን ጌም የወጣው ከዚህ ውሳኔ ስድስት ዓመት ቀድሞ፣ ጌም ንግግር መሆኑ ገና በሚያከራክርበት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው መልስ የቅርጽ ነው፤ ይህንንም ችላ ልንለው አይገባም። ፊልም ተመልካችን ያስቀምጠዋል፤ ጌም እጁን ይጠይቀዋል። በ«ዝሆን» ውስጥ ግድያው እኔ ብሸሽም ይቀጥላል። በጌሙ ውስጥ ግን እኔ ካልተጫንኩት አንድም ሰው አይወድቅም። ስለዚህ ተቃዋሚዎቹ ልዩነት አለ ማለታቸው ትክክል ነበር። የተሳሳቱት ልዩነቱ ሁልጊዜ ወደ መጥፎ ያመራል ብለው መደምደማቸው ላይ ነው። እጅን የሚጠይቅ ጥበብ ኅሊናንም ሊጠይቅ ይችላል። «ይህን ለምን አደረግሁ?» የሚለው ጥያቄ በፊልም ተመልካች አፍ ውስጥ ቦታ የለውም፤ በተጫዋች አፍ ውስጥ ግን አለው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆኑ ሥራዎች ኋላ መጥተዋል። በ2014 በፖላንድ የተሠራው «ዚስ ዋር ኦቭ ማይን» ተጫዋቹን በተከበበች ከተማ ውስጥ ምግብና መድኃኒት የሚፈልግ ሰላማዊ ሰው ያደርገዋል። በ2016 ደግሞ በዚያው በኮሎራዶ የሚኖሩ ራያንና ኤሚ ግሪን የተባሉ ባልና ሚስት በካንሰር የሞተ ትንሽ ልጃቸውን የሚያስታውስ «ዛት ድራገን፣ ካንሰር» የተባለ ጌም ከባልደረቦቻቸው ጋር አወጡ። ወላጆች የገዛ ልጃቸውን ሐዘን በጨዋታ መልክ ሲያቀርቡ ያየ ሰው ጨዋታና ሐዘን አይገናኙም ሊል አይችልም።

የኔ ፍርድ

እንዲህ ሲባል የሌዶን ጌም እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። እንደ አስተማሪ ፍርዴን እንድሰጥ ግዴታ አለብኝ።

ጌሙ ገዳዮቹን ያውቃቸዋል። ስም፣ ልጅነት፣ ቃልና ቁጣ ይሰጣቸዋል። የሚወድቁት ተማሪዎች ግን ስም የላቸውም፤ በአለባበሳቸውና በመደባቸው ብቻ የሚጠሩ ዓይነቶች ናቸው። ሠሪው ይህን ያደረገው ገዳዮቹ ሌላውን ሰው እንዲያ ያዩት ነበር ለማለት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩም ውኃ ይቋጥራል። ሆኖም ከጨዋታው የሚነሣ ሰው የገዳዮቹን ፊት እንጂ የሟቾቹን ፊት ይዞ አይሄድም። የተሳለቀው ርእስና የወጣበት ቀንም ሐዘንተኛው የሚሰማው የመጀመሪያ ድምፅ ፌዝ እንዲሆን አድርገዋል። ሌዶን ወደ ሐዘኑ ቤት በእውነተኛ ጥያቄ ገብቷል፤ ሲገባ ግን በሩን አላንኳኳም።

ይህ የሥራው ጉድለት ነው። ጉድለት ያለበትን ሥራ ተቀምጠን እንወቅሰዋለን፣ እንከራከርበታለን፣ የተሻለ እንሠራለን። ከመድረኩ ካባረርነው ግን ጉድለቱ ምን እንደሆነ እንኳ የሚማር አይኖርም።

ከዚያ በኋላ

የሌዶን ቀጣይ እርምጃ ለፊልም ተማሪ ትምህርት አለው። በ2008 «ፕሌይንግ ኮለምባይን» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም አወጣ። ፊልሙ የጌሙን፣ የስላምዳንስንና በአጠቃላይ በቪዲዮ ጌም ላይ የተነሣውን ክርክር ይተርካል። ምጸቱን አስተውሉ፤ በጌም የተናገረው ንግግር እንዲሰማለት የተከበረውን ቅርጽ፣ ፊልምን፣ አማላጅ አድርጎ መላክ ነበረበት። እርግጥ ነው፣ ባለጉዳዩ ራሱ አዘጋጅ የሆነበት ፊልም ሙሉ ዳኛ ሊሆን አይችልም፤ ተመልካቹ ይህን እያሰበ ሊያየው ይገባል።

ከዚያም በሥራው ቀጠለ፤ ፊልም ሠራ፣ አስተማረ። ወደ አላሞሳ ተመልሶ በአዳምስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፊልም ሥራ አስተምሯል። በ2015፣ ከማስተማር ሥራው ከወጣ በኋላ፣ የዩኒቨርሲቲውን የደመወዝ አከፋፈል የሚተች ድረ ገጽ ከፈተ፤ ዩኒቨርሲቲው ለደኅንነት ያሰጋል ብሎ ወደ ግቢው እንዳይገባ አገደው። የኮሎራዶ የሲቪል ነጻነቶች ማኅበር ወክሎት ከሰሰ። በ2016 ጉዳዩ በስምምነት ተቋጨ፤ እገዳው ተነሣ፣ 100,000 ዶላርም ተከፈለው። በወጣትነቱ ስለ ጌም የተከራከረበት የመናገር መብት በጎልማሳነቱ ስለ ደመወዝ መዝገብ ተመልሶ መጣ።

ውድ ተማሪዎች፤ በጅምሩ ያዙልኝ ወዳልኩት ልመለስ። በለቅሶ ድንኳን ካርታ የሚጫወት ጎረቤት የተፈቀደለት ስለ ሐዘንተኛው ብሎ ስላደረ ነው። ጨዋታውን ጨዋነት የሚያደርግለት አብሮ ማደሩ ነው። እኛም አገር ገና ያልደረቀ ዕንባ አለ። ከመካከላችሁ ነገ ያን ዕንባ በፊልም፣ በተውኔት ወይም በጌም የሚያቀርብ ይኖራል፤ እንዲኖርም እመኛለሁ። ማንም በቅርጹ ምክንያት ብቻ «ይህ ጨዋታ ነውና ዝም በል» እንዳይላችሁ። እናንተ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ የሟቹ ስም የት አለ? ሐዘንተኛው ቢመጣ የሚቀመጥበት ቦታ አዘጋጅቻለሁን?